ልጄ ከቨር የምታደርግላት ሴትዮ

እኔ በምሠራበት ቤት «ከቨር» የሚለውን ቃል የማያውቅ አበሻ የለም። ሥራዬ ኮሎራዶ፣ እንግልውድ ውስጥ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። አንዷ ልጇ ሲታመምባት፣ ሌላዋ ክርስትና ሲኖርባት፣ «እባክሽ እሑዴን ከቨር አድርጊልኝ» ትለኛለች፤ አደርግላታለሁ። ስኬጁሉ ላይ የሚነበበው የእሷ ስም ነው፤ አልጋ የማነጥፈው፣ ገላ የማጥበው፣ ቤቴ ስገባ እግሬን ትራስ ላይ የምሰቅለው ግን እኔ ነኝ። ከቨር ማለት ለእኔ ይኸው ነው። ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ልጄ ደውላ «ማሚ፣ እሷን ከቨር ላደርግ ነው» ስትለኝም የገባኝ እንደዚያው ነበር።

ልጄ እዚሁ ኦሮራ ተወልዳ ያደገች፣ ዘፋኝና ተዋናይ ናት። ይህን አሁን እንዲህ በቀላሉ እጽፈዋለሁ እንጂ ለዓመታት ሰው ሲጠይቀኝ «አርት ነው የተማረችው» እያልኩ ነው ያለፍኩት። ሥዕል የመሰላቸው ነበሩ፤ አላረምኳቸውም። ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ነጠላ እንደለበሱ ቆሞ፣ «ልጄ ዘፋኝ ናት» ማለት ይከብደኝ ነበር።

ዴንቨር ውስጥ፣ ቀድሞ መጋዘን በነበረች ትንሽ ቲያትር ቤት፣ አንድ የቆየ ሙዚቃዊ ቲያትር እንደገና ሲሠራ ዋናዋን ሴት ሆና የተጫወተችው እሷ ናት። ታሪኩ በረሃ መሐል ነዳጅ ስለምትቀዳ አንዲት ሴት ነው። ጨረቃ ላይ ተረስቶ የቀረ ሰው በስሕተት ይደውልላታል፤ በስልክ ብቻ ይዋደዳሉ። ድሮ መጀመሪያ የታየ ጊዜ ሰው ስላልወደደው ወዲያው ተዘግቶ ነበር አሉ። የወደዱት ጥቂቶቹ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቁትም። ሰማያዊ የነዳጅ ቀጂ ቱታ ለብሰው፣ የእጅ ባትሪ ይዘው ይመጣሉ። ንግግሩን በሙሉ በቃላቸው ይዘውታል። ሴትዮዋ ስልኩን ስታነሣ ሁሉም ባትሪውን ወደ ጣሪያው አብርቶ «ማን ልበል?» እያለ አብሯት ይጮኻል።

መጋዘኗ ድረስ ሄጄ አንድ ጊዜ፣ ብቻዬን፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አይቻታለሁ። የመጨረሻውን ዘፈን ስታወጣው ጸጉሬ ቆመ። ቤቴ ገብቼ ለማንም አልተናገርኩም።

ኒውዮርክ ያሉት ሰዎች መጥተው አይተው «ይህ ብሮድዌይ መግባት አለበት» ያሉ ጊዜ ግን ተናገርኩ። እንዲያውም ያልነገርኩት ሰው የለም። የታላላቆቹ ቲያትር ቤቶች ሰፈር ብሮድዌይ ሲጠራ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሴቶች ዓይን እንዴት እንደሚበራ አይቼ፣ ያው ዘፈን፣ ያው ልጅ፣ ለምን አሁን ኩራት ሆነልኝ ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም።

ከዚያ ነው የደወለችው።

«ማሚ፣ ሮሉን ለሌላ ሰው ሰጡት።»

«ለማን?»

«ለዳኛዋ። ለአንቺ ዳኛ።»

የእኔ ዳኛ የምትላት በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ዳኛ ሆና የምትሠራ፣ አገር ያወቃት ተዋናይ ናት። እንግልውድ ሳሎን ውስጥ ከሰዓት በኋላ የሚታየው የእሷ ድራማ ነው። አሮጊቶቹ ከክፍላቸው በዊልቸር ቶሎ እንድናወጣቸው የሚጨቀጭቁን ለእሷ ነው። እኔም ትራስ እያስተካከልኩ፣ መድኃኒት እያዋጥኩ፣ በአንድ ዓይኔ ስንት ፍርድ አብሬያት ሰጥቻለሁ።

«እሷ ራሷ? የኔ ዳኛ?» አልኩ። ድምፄ ውስጥ ደስታ እንደነበረበት የታወቀኝ በስልኩ ማዶ ዝም ሲባል ነው። ቶሎ ብዬ «አንቺስ ታዲያ?» አልኳት።

«እኔ እሷን ከቨር ላደርግ ነው» አለች፣ እያለቀሰች።

«ስንት ቀን?»

«ሁሉንም። ኤቭሪ ሾው እዚያ መሆን አለብኝ።»

«ሁሉንም! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ማሚ... ኔቨር ማይንድ» አለች። ልጄ አማርኛዋ ሲያልቅባት፣ ተዪው ለማለት፣ ኔቨር ማይንድ ትላለች።

እኔ ነገሩን እንዲህ ተረዳሁት። ሴትዮዋ ስም አላት፤ ስሟ ሰው ይጠራል። ስለዚህ ስሟና ፎቶዋ ይለጠፋል፤ ሥራውን ልጄ ትሠራዋለች። በማኅበር ቀን ይህንኑ ተናገርኩ። አንዷ «መሐል ከተማ የተለጠፈውን አይቼዋለሁ፤ ፈረንጅ ናት እኮ ያለችው» ስትል «ስሙ የሷ ነው፣ ሥራው የልጄ» አልኳት። እዚያ ከተቀመጥነው ግማሻችን በሽተኛ የምናስታምም ስለሆንን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«አይ እነሱ! በሰው ጉልበት ስማቸው የሚጠራ እዚያም ቤት አሉ ለካ!» ብላ ጓደኛዬ ሳቀች። እዚሁ ቻምበርስ ሮድ፣ በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው።

ቲያትሩ ኒውዮርክ ከመግባቱ በፊት ለጥቂት ሳምንት ዴንቨር መሐል ከተማ በትልቁ አዳራሽ እንዲታይ ስለተወሰነ ልጄ እኔ ዘንድ አረፈች። «አሁን አትምጪ፣ እኔ እነግርሻለሁ» አለችኝ። አፍራ መሰለኝ። እሑድ ከሰዓት የሚታይ አለ፤ ከቅዳሴ ወጥተን እንደርሳለን። ሳልነግራት የማኅበሩን ሴቶች ይዤ ሄድኩ።

በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ፣ እማማ የምንላቸው ሴት፣ ጾማቸውን ሳይፈቱ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ነጠላችንን እንደለበስን በአንድ ረድፍ ተደረደርን። በዙሪያችን ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ፈረንጅ ሞልቷል።

«እነዚህ ሁሉ ነዳጅ የሚቀዱ ናቸው?» አሉ እማማ።

«አይደለም እማማ፣ ቲያትሩን ወደው ነው።»

«እኛንስ ምን ሊሉን ነው?»

መብራት ጠፋ። ስልኩ ጮኸ። ሴትዮዋ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ገባች፤ አዳራሹ ሁሉ በባትሪ ተብለጨለጨ፤ እኔም ከማንም በፊት አጨበጨብኩ። ከዚያ ዞረች። ዳኛዋ ነበረች።

መጀመሪያ የመሰለኝ ለሰላምታ ብቻ የወጣች ነው፤ አሁን ትገባና ልጄ ትወጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አልገባችም። አንድ ዘፈን ዘፈነች፣ ደገመች። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የታለች?» አለች።

«ትመጣለች።»

ትመጣለች ማለቴን ሳላቋርጥ ግማሹ አለፈ። እውነቱን ለመናገር ሴትዮዋ ጥሩ ነበረች። ልጄ ሽቅብ የምትወጣበት ቦታ ላይ ድምፅዋ ቀጥኖ ተሰበረ፤ ግን ሰውን ታስቃለች፣ ዝም ስታሰኘውም ዝም ይላል። ሕዝቡ እንደ ቅዳሴ ተሰጥኦ በአንድ አፍ ይመልስላታል። ይህ ምሳሌ ወደ ሐሳቤ ሲመጣ አማተብኩ። ከጎኔ የተቀመጡት እማማ ግን ስልኩ ሁለተኛ ሲጮኽ ቃሉን ለምደው «ማን ልበል!» ብለው ከሁሉም ጋር ጮኹ።

ለእረፍት መብራት ሲበራ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንዷ «ልጅሽስ?» አለች። ይህን ጊዜ ጓደኛዬ ቀልጠፍ ብላ፣ «አሟት ነው፤ አሁን ቴክስት አድርጋላት ነው» አለች። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ዚፑ ተዘግቶ ነበር። አላመማትም ለማለት፣ አላውቅም ለማለት እንኳ፣ ጊዜ ነበረኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ።

«እኔን! ዛሬ ገና እኛ በመጣንበት ቀን!» አሉ።

ሲያልቅ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆመን እማማ ከመጸዳጃ ቤት እስኪመለሱ ስንጠብቅ ልጄ ከጎን በር ወጣች። ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ሱሪ፣ አንገቷ ላይ የሠራተኛ መታወቂያ። ጉንጯ የሞላ፣ ጤና ብቻ የሆነ ፊት። ከመጋረጃው ጎን ሆና ነጠላችንን በጨለማው ውስጥ አይታ ነው የመጣችው።

እማማም በዚያው ደረሱ። «ውይ የኔ እናት! እንዲህ ታመሽ ምን ልሁን ብለሽ መጣሽ? አትተኚም?» ብለው በመዳፋቸው ግንባሯን ዳበሱ።

ልጄ አየችኝ። እኔ ምንጣፉን አየሁ። አበባ ያለበት ቀይ ምንጣፍ ነው።

እንዴት እንደገባት አላውቅም። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ጉሮሮዋ ሄደ። «ድምፄ...» አለች፣ ትንፋሽ ብቻ በሆነ ድምፅ፤ «ድምፄ ጠፋ።» ምራቋን ስትውጥ ሕመሙ ዓይኗ ላይ ታየ፤ እንባ እንኳ አቀረረች። ሴቶቹ በአንድነት «እኔን! እኔን ልጄ!» አሉ። አንዷ የራሷን ሻርፕ ፈታ አንገቷ ላይ ጠመጠመችላት። ያን ቀን ካየሁት ትወና ሁሉ የበለጠው ይህ ነበር፤ የተሠራውም የእናቷን ገበና ለመሸፈን ነው።

መኪና ውስጥ ገብተን ሁለታችን ብቻ ስንቀር ድምፅዋ ተመለሰ።

«ማሚ፣ ከቨር ምን መሰለሽ?»

ነገርኳት። ስኬጁሉን፣ ስሙን፣ ስሙ የሷ ሥራው የልጄ ማለቴንም። መጀመሪያ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ መሐል ላይ ሳቋ ቆመ።

«እሷ ካልታመመች እኔ አልወጣም ማሚ። ዘፈኑን አውቃለሁ፣ ሁሉን ነገር አውቃለሁ። ከኋላ እቀመጣለሁ። እጠብቃለሁ። ዛት ኢዝ ዘ ጆብ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ሁልጊዜ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ! ሁሉን ቀን ነው አልኩሽ፣ ደስ አለሽ።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «ኒውዮርክም አብሬ እንድሄድ ጠይቀውኛል። ሴም ቲንግ። በዚህ ሳምንት መልስ እሰጣለሁ። ልሄድ ነበር።»

«ነበር?»

«ፊትሽን አየሁት ማሚ። ምንጣፉን ስታዪ። በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እንደዚያ እንድትሆኚ አልፈልግም።»

የሚባል ነገር ነበር። የምትጠብቀው ቦታ መጀመሪያ የራሷ እንደነበረ፣ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው እሷን መሆኑን፣ ያን ሁሉ ውጣ እንኳ አሁን የእኔን ፊት እያሰበች መሆኗን አውቄ ነበር። ያልኳት ግን «ቀበቶሽን አስረሻል?» ነው። አስራ ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ቲያትር የለም። ከሥራ ገብቼ ልብሴን ሳልቀይር በሩ ተንኳኳ። እማማ፣ ጓደኛዬ፣ ሌሎችም ሁለት ሴቶች። አጥሚት በፔርሙስ፣ ዝንጅብል በማር። ልጄ ድምፃቸውን ስትሰማ ከመኝታ ቤት ወጣች፤ ሻርፑን አንገቷ ላይ ጠምጥማለች። አሁንም ታማለች። ጓደኛዬ ዓይኔን አታይም። ልጄ አጥሚቱን በትንሽ በትንሹ፣ ፊቷን እያጨማደደች ዋጠች፤ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» እያሉ እንደ ሕፃን አጠጧት። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ብርጭቆ ደግሜ አጠብኩ።

ስመለስ እማማ ከቦርሳቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥተዋል። ጸበል ነው። ትናንት ከቲያትሩ ሲመለሱ ልጃቸውን ለምነው ቤተ ክርስቲያን ድረስ አስነድተው ያስመጡት።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ጉሮሮሽን ልቀባሽ» አሉ።

ልጄ ተነሥታ ተንበረከከች፤ ትንሽ ሳለች ያስለመድኳት እንደዚያ ነው። ሻርፑን ፈታች። እማማ መዳፋቸው ላይ አፍስሰው «በስመ አብ» ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ጸበሉ ልብሴ ላይ ፈሰሰ።

«እማማ፣ ይተዉ። አላመማትም።»

«እ?»

«አላመማትም። ትናንትም አላመማትም። እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ የዋሸሁት!» አለች ጓደኛዬ፣ አልቅሳ ልትሞት። «አንቺ ምን አልሽ? እኔ ነኝ ያልኩት!»

«አንገቴን ነቀነቅኩ» አልኩ።

ልጄ እንደተንበረከከች ቀረች። እማማ ጠርሙሱን እንደያዙ በየተራ አዩን። ከዚያ ልጄን «ታዲያ የምን ጉሮሮ ነው ትናንት የያዝሽው?» አሏት።

«ሶሪ፣ እማማ» አለች ልጄ፣ በጥሩ ድምፅ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ከቨር ምን እንደመሰለኝና ምን እንደሆነ። ቦታው የልጄ እንደነበረ፣ ለታወቀች ሴት እንደተሰጠ፣ ልጄ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ ያቺ ሴት የቀረች ቀን ብቻ እንደምትወጣ። እያወራሁ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ነደደ። እማማ በጥሞና ሰምተው ጠየቁ፤

«እንግዲህ ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትታመመው?»

ጓደኛዬ በእንባዋ መሐል ፈንድታ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ፤ ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ያዘች። ሳቁ ሲበርድ ግን እማማ አልሳቁም ነበር። ሦስት ጊዜ አማተቡ።

«ማረኝ። እኔ እኮ ብሮድዌይ ከተባለ ጀምሮ ‹ልጅቷን አውጣልን› እያልኩ ነው የምጸልየው። በሴትዮዋ ላይ ነበር ለካ!»

ሁላችንም እንደዚያው ስንጸልይ ነበር። እማማ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ብርጭቆ ውስጥ ገልብጠው ለእኔ ዘረጉልኝ። «እንኪ፣ አንቺ ጠጪው። የታመመው ሰው አንቺ ነሽ።» ጠጣሁ። ሲወጡ ልጄን ግንባሯን ሳሟት፤ እኔን አልሳሙኝም።

ከሄዱ በኋላ ልጄ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች።

«ብሄድ፣ ሰው ሲጠይቅሽ ምን ትያለሽ?»

«ትጠብቃለች እላለሁ።»

«ይከብድሻል።»

«ይከብደኛል» አልኳት። ያን ጸበል ጠጥቼ ሌላ ነገር ማለት አልቻልኩም። «አንቺ ግን ሂጂ።»

«ሹር ነሽ?»

«አይደለሁም። ሂጂ።»

ሄደች። ከቅዳሴ በኋላ ወሬውን ያልሰማች አንዲት ሴት «ልጅሽ ብሮድዌይ ገባች አይደል? እልል በይ!» ብላ በሰው መሐል አቀፈችኝ። «ገብታለች። መድረክ ላይ ግን አትወጣም፤ ዋናዋ ሴትዮ ከቀረች ነው የምትወጣው» አልኳት። «ውይ፣ አይዞሽ» አለችኝ፣ ለቅሶ ቤት በምናወጣው ድምፅ። ልጄ የሠራችው ነውር የለም፤ ሥራዋን ነው የምትሠራው፤ ይህን አውቃለሁ። ፊቴ ግን ነደደ። እስከ ዛሬ ሲጠይቁኝ ይነድዳል። በልጄ በማፈሬ ደግሞ ሌላ እፍረት ይጨመርበታል።

ሥራ ቦታ ዳኛዋ አሁንም ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ አለች። የዱሮ ቅጂ መሆኑን እያወቅኩ ፊቷን አጠናለሁ፤ ከስታለች እንዴ? ያ ሳል ነው ወይስ ሳቅ? አንድ ቀን አንዷ አሮጊት «ምነው አፈጠጥሽባት?» አለችኝ። «እወዳታለሁ» አልኳት። ይህም ውሸት አይደለም።

አሁን ስጸልይ የሴትዮዋን ስም ከልጄ ስም አስቀድማለሁ። ጤና ስጣት እላለሁ። አፌ ይለዋል። ልቤ የሚለውን እሱ ያውቃል።

ሥራ ስወጣ፣ መኪናዬን ሳላስነሣ፣ ለልጄ እጽፋለሁ፤ «ሴትዮዋ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» ትለኛለች።

«ተመስገን» ብዬ እመልሳለሁ። አንድ ቃል ነው፤ ግን ጣቴ ይዘገያል። እጀምረዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ፣ እንደገና እጀምረዋለሁ። ይህን የምናውቀው እኔና እግዚአብሔር ብቻ ነን ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት «ተመስገን» ብዬ ከላክሁ በኋላ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ማሚ፣ አንዷን ቃል ለመጻፍ ለምን እንደዚህ ትቆያለሽ? ነጥቦቹ ይታዩኛል እኮ።»

ሰው ሲጽፍ በሌላው ስልክ ላይ ሦስት ነጥብ ብልጭ ድርግም እንደሚል አላውቅም ነበር። መሪውን ይዤ ምን እንደምላት አሰብኩ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ። እሷም እዚያ ማዶ፣ ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጣ፣ ነጥቦቹን እያየች ትጠብቅ ነበር።